ከርነሉ ሲጮህ፦ የኔትወርክ ድራይቨር ማስጠንቀቂያን ማንበብ፣ የደኅንነት አፕዴትንም ሳይፈሩ መጫን

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያሉ ማተሚያ ቤቶችና ኢንተርኔት ቤቶች ኡቡንቱ ሊኑክስ ካስጫኑ በኋላ የሚደውሉልኝ በሁለት ነገር ነው። አንዱ ስክሪኑ ላይ የማይገባ ጽሑፍ ተግተልትሎ ኔትወርኩ ሲቋረጥ፣ ሌላው «አፕዴት አድርግ እያለኝ ነው፣ ላድርግ ወይስ ይቅር?» ለማለት። ሁለቱ ይገናኛሉ። አንዴ ከአፕዴት በኋላ ዋይፋይ የጠፋበት ሰው ከዚያ ወዲያ ከርነሉን፣ ማለትም ሃርድዌሩንና ፕሮግራሞቹን የሚያገናኘውን የሲስተሙን እምብርት፣ አይነካም። ከርነሉን ካልነካ ደግሞ ሌላው ሁሉ ከዓመት በፊት የዘጋው የደኅንነት ክፍተት እሱ ቤት ክፍት ሆኖ ይቆያል። «የሚሠራን ነገር አትንካ» የሚለው ምክር ለወፍጮ ይሆናል፤ ቀኑን ሙሉ ኢንተርኔት ላይ ለሚውል ማሽን አይሆንም።

ስለዚህ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያውን እናንብብ፣ ከዚያ አፕዴቱን እንጭናለን። የምጽፈው ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን ለሚጠቀም ነው። ትእዛዞቹን ስንነጋገር እንደምንጠራቸው ነው የማስቀምጣቸው፤ ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል ነው የሚጻፉት፣ ትልቅ ፊደል ነው ካላልኩ በቀር ሁሉም በትንሹ።

መዝገቡን አውጡ

ስልክ አውጥቶ ስክሪኑን ፎቶ ማንሳት ተለምዷል። ክፋት የለውም፤ ግን ፎቶው የሚይዘው የመጨረሻዎቹን መስመሮች ነው፣ የምንፈልገው ደግሞ የመጀመሪያዎቹን። ተርሚናል ከፍታችሁ ሱዶ (ትእዛዙን በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስኬደው) ዲ-ኤም-ኢ-ኤስ-ጂ ብላችሁ ጻፉ፤ ከኋላው ሰረዝና ትልቁን ቲ ጨምሩ። ሰረዙና ቲው ሰዓቱን ሰው በሚያነበው መልክ ያወጡላችኋል። ያለ ሱዶ ከሞከራችሁትና «አልተፈቀደም» ካላችሁ ምንም አልተበላሸም፤ በቅርብ ዓመታት እትሞች ይህን መዝገብ ተራ ተጠቃሚ እንዳያይ ተደርጓል።

ማሽኑ ጠፍቶ ተነሥቶ ከሆነ ግን ይህ ትእዛዝ የቀድሞውን አያሳይም። መብራት በሚመላለስበት ከተማ ይበልጥ የምትፈልጉት ጆርናል-ሲቲኤልን ነው፤ ሰረዝ ኬ፣ ሰረዝ ቢ፣ ከዚያ ሰረዝ 1። ኬ የከርነሉን መልእክት ብቻ ይለይላችኋል፤ ቢ ከሰረዝ 1 ጋር ከአሁኑ በፊት የነበረውን ቡት ያወጣል። ሰረዝ 2 ብትሉ ከዚያ በፊት የነበረውን። ወደ ፋይል ገልብጣችሁ ፍላሽ ላይ አስቀምጡት።

ምን ያህል ነው የጮኸው?

አብዛኛው ሰው የሚደነግጠው «ከት ሂር» የሚል መስመር ወርዶ፣ ከሥሩ ብዙ የቁጥርና የፊደል መደዳ መጥቶ፣ መጨረሻው ላይ «ኤንድ ትሬስ» ሲል ነው። ከ«ከት ሂር» ቀጥሎ ያለውን አንድ መስመር ብቻ አንብቡ። «ዋርኒንግ» ካለ፣ ድራይቨሩን (ከርነሉ አንድን ሃርድዌር የሚያዝበትን ኮድ) የጻፈው ሰው «ይህ መሆን የለበትም» ብሎ ያስቀመጠው ፍተሻ ተነካ ማለት ነው፤ ከርነሉ ግን ሥራውን ቀጥሏል። «ኡፕስ» ወይም «ባግ» ካለ የከርነሉ አንድ ክፍል መሐል መንገድ ላይ ተሰናክሏል፤ ማሽኑ የሚሠራ ቢመስልም ፋይላችሁን አስቀምጣችሁ ሪስታርት አድርጉ። «ፓኒክ» ካለ ምርጫ የለም፣ ቀድሞውኑ ቆሟል።

ኮምቦልቻ ላይ መለዋወጫ የሚሸጡ አንድ ሐጂ አሉ። የሽያጭ ኮምፒውተራቸው ላይ ይህ ክምር ወጥቶ አይተው «አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር ሊቃጠል ነው እንዴ?» አሉኝ። «አብሽሩ ሐጂ፣ እየሠራ ነው» አልኳቸው። ከእኔ በፊት ያየው ባለሙያ ግን ራም ሸጦላቸው ሄዷል። ምክንያቱ ክምሩ ውስጥ «ኮም፦ ስዋፐር ስላሽ 0» የሚል ነገር አለ፤ ስዋፐር ሲያይ ስዋፕ (ራም ሲያንስ ዲስክ ላይ የሚያዘው ቦታ) መሰለው፣ ስዋፕ ከሆነ ራም አንሷል ብሎ ደመደመ። ስዋፐር ስላሽ 0 ፕሮሰሰሩ ሥራ ሲፈታ የሚሮጠው የከርነሉ ፕሮሰስ ነው፤ ቁጥሩ የትኛው ኮር እንደሆነ ይናገራል። የኔትወርክ ሰዓት ቆጣሪው የጮኸው ያ ኮር ሥራ ፈትቶ በተቀመጠበት ቅጽበት ስለሆነ ስሙ ተጻፈ፣ በቃ። የሐጂ ራም ደህና ነበረ።

እዚያው አካባቢ «ቴይንትድ» የሚል ቃልና ከአጠገቡ ነጠላ ፊደላት ታያላችሁ። እነዚህን ዝም ብላችሁ አትለፏቸው። ደብሊዩ ካለ ከዚህ በፊት ሌላ ማስጠንቀቂያ ወጥቷል ማለት ስለሆነ ወደ ላይ ሄዳችሁ የመጀመሪያውን ፈልጉ፤ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው መዘዝ ነው። ኦ ካለ ከከርነሉ ውጭ የመጣ ድራይቨር ተጭኗል። ፒ ካለ ኮዱ ዝግ የሆነ ሞጁል (ከርነሉ ላይ የሚጨመር ቁራጭ፣ እንደ ድራይቨር ያለ) አለ። ደብሊዩና ኦ አንድ ላይ ካያችሁ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ያንን ከውጭ የመጣውን ድራይቨር ይሁን።

ዋችዶጉ

በጣም የሚደጋገመው ይህ ነው፦ «ኔትዴቭ ዋችዶግ» ይልና የኔትወርክ ካርዱን ስም፣ የድራይቨሩን ስም፣ ከዚያ «ትራንስሚት ኪው 0 ታይምድ አውት» ብሎ ይጨርሳል። የሚሆነው እንዲህ ነው። ከርነሉ ፓኬቱን (የሚላከውን የመረጃ ቁራጭ) ለካርዱ አስረክቦ «ላክሁት» የሚል መልስ ይጠብቃል። የመላኪያው ሰልፍ ቆሞ መልሱ ከዘገየ ዋችዶጉ ይጮሃል፤ ድራይቨሩ ሌላ ገደብ ካላስቀመጠ በቀር የሚታገሠው 5 ሰከንድ ነው። ከዚያ ድራይቨሩ ካርዱን ሪሴት ያደርገዋል። ኢንተርኔቱ ጥቂት ቆሞ ራሱ የሚመለስላችሁ ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወድበት አለ። እንደ 5.15 እና 6.1 ባሉት ከርነሎች ይህ ክምር በአንድ ቡት አንዴ ብቻ ነው የሚታተመው። ጠዋት አንዴ ታየ፣ ከዚያ ዝም አለ ማለት ችግሩ ቆመ ማለት አይደለም፤ ካርዱ ቀኑን ሙሉ ሪሴት ሲሆን ሊውል ይችላል። ከማስጠንቀቂያው በታች «ሊንክ ኢዝ ዳውን»፣ «ሊንክ ኢዝ አፕ» እያለ የሚመላለስ መሆኑን ተከታተሉ። በአዲሶቹ ከርነሎች ደግሞ ረጅሙ ክምር ቀርቶ አንድ መስመር ብቻ ስለሚጻፍ በዓይን ያመልጣል፤ «ታይምድ አውት» የሚለውን ግሬፕ በሚባለው የቃል መፈለጊያ ትእዛዝ ፈልጉት።

በርካሽ ማዘርቦርዶች ላይ የምታገኙት ካርድ አብዛኛውን ጊዜ የሪልቴክ ነው፣ ድራይቨሩም አር8169 ይባላል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ኤልኤስ-ፒሲአይ ሰረዝ ኬ በሉ፤ ከካርዱ ስም በታች «ከርነል ድራይቨር ኢን ዩዝ» የሚለው መልሱ ነው።

አሁን ወደ መፍትሔው። ከኬብል ነው የምጀምረው፣ ነገሩ ሶፍትዌር ቢመስልም። ኢትቱል ብላችሁ ዋችዶጉ መስመር ላይ ያለውን የካርዱን ስም ጻፉና «ስፒድ» የሚለውን ተመልከቱ። ካርዱም ስዊቹም 1000 የሚችሉ ሆነው 100 ካሳየ ኬብሉን ጠርጥሩ፤ ለ1000 አራቱም የሽቦ ጥንዶች ያስፈልጋሉ፣ ለ100 ሁለቱ ይበቃሉ፣ ስለዚህ አንዱ ጥንድ ተበጥሷል ወይም ጫፉ በደንብ አልተመታም። ቀጥሎ አይፒ፣ ሰረዝ ኤስ ሁለት ጊዜ፣ ሊንክ፤ «ሲአርሲ» ከሚለው ሥር ያለው ቁጥር እያደገ ከሄደ ፓኬቱ መንገድ ላይ እየተበላሸ ነው። እኛ አገር ከሱቅ ሱቅ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የተዘረጋ ኬብል ብዙ ነው፤ ፀሐይ ልባሱን ይሰነጥቀዋል፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ውሃው በስንጥቁ ይገባል፣ መብረቅ ከወረደ ደግሞ የካርዱን ወደብ ይዞት ይሄዳል። ገበያ ላይ ያለው ርካሹ ኬብል ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ከላይ መዳብ የተለበጠ መሆኑንም አትርሱ፤ ጫፉን በቢላ ፋቅ ስታደርጉት ነጭ ከሆነ ለረጅም ርቀት አትመኑት።

ኬብሉ ደህና ከሆነ የኃይል ቁጠባው ይቀጥላል። ማዘርቦርዱ ኃይል ለመቆጠብ የካርዱን መስመር ሲያስተኛ አንዳንድ የሪልቴክ ካርዶች በጊዜ አይነቁም። ለሙከራ ብቻ፣ ማሽኑ ሲነሣ ከርነል የሚመረጥበት ግራብ ሜኑ ላይ ኢ ተጫኑና «ሊኑክስ» ብሎ በሚጀምረው መስመር መጨረሻ ላይ ፒሲአይኢ፣ የታች ሰረዝ፣ ኤኤስፒኤም፣ የእኩልታ ምልክት፣ ኦፍ ብላችሁ ያለ ክፍተት ጻፉ፤ ከዚያ ኤፍ10። ለዚያች ቡት ብቻ ነው የሚሠራው። ውሎ አድሮ ጩኸቱ ከቀረ ኢቲሲ ስላሽ ዲፎልት ስላሽ ግራብ የሚለው ፋይል ውስጥ በቋሚነት አስገቡትና አፕዴት-ግራብ በሉ። ላፕቶፕ ላይ ባትሪ ይበላል፤ ዴስክቶፕ ላይ ግን ልዩነቱ አይታያችሁም።

ፈርምዌር፣ ማለትም ካርዱ ራሱ ውስጥ የሚሠራው ፕሮግራም፣ ቀላሉ ነው። «ዳይሬክት ፈርምዌር ሎድ» ብሎ «ኤረር -2» ካለ ፋይሉ ዲስኩ ላይ የለም ማለት ነው። ኡቡንቱ ላይ ሊኑክስ-ፈርምዌር፣ ዴቢያን ላይ ለሪልቴክ ፈርምዌር-ሪልቴክ የሚባለውን ፓኬጅ ጫኑ። የኬብል ካርድ ያለ ፈርምዌሩም እያነከሰ ሊሠራ ይችላል፤ ዋይፋይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጭራሽ አይነሣም።

ካርዱ የኢንቴል ሆኖ ድራይቨሩ ኢ1000ኢ፣ መልእክቱም «ዲቴክትድ ሃርድዌር ዩኒት ሃንግ» ከሆነ፣ ኢትቱል ሰረዝ ትልቁ ኬ፣ የካርዱ ስም፣ ቲኤስኦ ኦፍ ጂኤስኦ ኦፍ ብላችሁ ሞክሩ። ትልልቅ ፓኬቶችን የመቆራረጡን ሥራ ከካርዱ ወስዶ ለፕሮሰሰሩ ይሰጠዋል። ሪስታርት ሲሆን ይጠፋል፣ እንደገና መጻፍ አለበት።

ከርነሉን አስፈሪ ያደረገው ማነው?

አፕዴት ጠልቶ የተቀመጠ ሰው ቤት ስሄድ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከዩኤስቢ ጀርባ አንዲት ትንሽ ዋይፋይ ተሰክታ አገኛለሁ። ድራይቨሯ ከከርነሉ ጋር አልመጣም፤ ጫኙ ከኢንተርኔት አውርዶ፣ ሜክ ኢንስቶል ብሎ፣ ብሩን ተቀብሎ ሄዷል። እንዲህ የተጫነ ድራይቨር ለዚያች ከርነል ብቻ የተሠራ ነው። አዲስ ከርነል ሲመጣ አይከተልም፤ ዋይፋዩ ይጠፋል፤ ባለቤቱም ከርነሉን ይረግማል። ጥፋቱ ግን የአጫጫኑ ነው።

ድራይቨሩ የግድ ካስፈለገ በዲኬኤምኤስ ይጫን፤ አዲስ ከርነል በመጣ ቁጥር ራሱ ድጋሚ ይሠራዋል፣ የከርነሉ ሄደርስ ፓኬጅ አብሮ እስከተጫነ ድረስ። ከአፕዴት በኋላ ሪስታርት ከማድረጋችሁ በፊት ዲኬኤምኤስ ስታተስ ብላችሁ ከአዲሱ ከርነል ቁጥር ጎን «ኢንስቶልድ» ማለቱን እዩ። ሴኪዩር ቡት በርቶ ከሆነ ያልተፈረመ ሞጁል አይጫንም፤ ሲጫን የሚጠይቃችሁን የይለፍ ቃል አትርሱት፣ በሚቀጥለው ቡት ሰማያዊው ስክሪን ላይ ይጠይቃችኋል።

ከዚህ የሚሻለው ግን የውጭውን ድራይቨር መተው ነው። ከከርነል 6.2 ጀምሮ በርከት ያሉ የሪልቴክ ዩኤስቢ ዋይፋዮች፣ ለምሳሌ 8821ሲዩ እና 8822ቢዩ፣ ከከርነሉ ጋር በሚመጣው አርቲደብሊዩ88 ይሠራሉ። ኡቡንቱ 24.04 የሚነሣው በ6.8 ስለሆነ የውጭው ድራይቨር ሳይኖር ሞክሩት። አዲስ የሚገዛ ሰው ከጠየቀኝ መልሴ አንድ ነው፤ ተሰክታ ወዲያው የማትሠራን ዋይፋይ አትግዛ።

የደኅንነት አፕዴቱ

እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ የከርነሉ ቡድን ሲቪኢ የሚባለውን የክፍተት ቁጥር ራሱ ይሰጣል፤ ደኅንነትን ሊነካ ይችላል ለተባለ ማስተካከያ ሁሉ ማለት ይቻላል ስለሚሰጥ ቁጥሩ በዓመት በሺዎች ሆኗል። ይህን አይቶ «ሊኑክስ ተበላሸ» የሚል አለ፤ የተለወጠው አቆጣጠሩ ነው። እያንዳንዱን ቁጥር ለማሳደድ አትሞክሩ። አንድ ክፍተት ሲወራ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ያ ሞጁል እኔ ጋ ተጭኗል? ሊጠቀምበት የሚችለውስ ማነው፣ ከሩቅ ያለ ሰው ነው ወይስ ማሽኑ ላይ የተቀመጠ?

የመጀመሪያውን ኤልኤስ-ሞድ ይመልስላችኋል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2019 የታወቀው ሲቪኢ-2019-17666 የሪልቴክ ዋይፋይ ድራይቨር አርቲኤል-ዋይፋይ ውስጥ የነበረ ነው፤ ርዝመት ሳይለካ መረጃ ይገለብጥ ስለነበር በዋይፋይ ክልል ውስጥ ያለ ሰው ማሽኑን ሊረብሽ ይችል ነበር። በኬብል ብቻ የሚሠራን ማሽን አይመለከትም። እስከ 5.3.6 የነበሩትን ከርነሎች ነው የነካው።

ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ግን ኢንተርኔት ቤት ያላችሁ ተጠንቀቁ። «ሎካል ነው፣ ከውጭ አይገባም» የሚባለው ክፍተት ቢሮ ውስጥ ያጽናና ይሆናል። ቀኑን ሙሉ የማያውቁት ሰው በሚቀመጥበት ቤት ግን ሎካሉ ደንበኛው ራሱ ነው። በማርች 2022 ይፋ የሆነው ደርቲ ፓይፕ፣ ሲቪኢ-2022-0847፣ ተራ ተጠቃሚ ማንበብ ብቻ የተፈቀደለትን ፋይል እንዲለውጥ ያስችለው ነበር፤ ከዚያ ሩት፣ የማሽኑ ሙሉ ባለሥልጣን፣ መሆን ሩቅ አይደለም። የኔትወርክ ማጣሪያው ኤንኤፍ-ቴብልስ ውስጥ የነበረው ሲቪኢ-2024-1086ም ውጤቱ ያው ነው፣ ያውም በተግባር ጥቃት ላይ መዋሉ ተረጋግጧል። ስለዚህ የሕዝብ ማሽን ላይ የከርነል አፕዴት አይዘገይም።

አንድ የሚያምታታ ነገር፦ ደርቲ ፓይፕ በ5.15.25 ተዘጋ የሚል አንብባችሁ፣ ዩኔም ሰረዝ አር ስትሉ 5.15.0 ካያችሁ አትደንግጡ። ኡቡንቱ ማስተካከያውን ወደ ራሱ ከርነል መልሶ ያስገባና የሚለውጠው ከሰረዙ በኋላ ያለውን ቁጥር ነው። መኖሩን ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ አፕት ቼንጅሎግ ብላችሁ የከርነሉን ፓኬጅ ስም ጻፉና ውስጡ የሲቪኢውን ቁጥር ፈልጉ።

የእትሙ ዕድሜ ደግሞ ከሁሉም ይቀድማል። ኡቡንቱ 20.04 መደበኛ ድጋፉ በሜይ 2025 አልቋል፤ «አፕዴት የለም» ሲላችሁ ደህና ናችሁ ማለቱ አይደለም። ወደ 22.04 ወይም 24.04 መሻገር አለባችሁ፤ እስክትሻገሩ ኡቡንቱ ፕሮን አብሩ፣ ለግል እስከ 5 ማሽን ነጻ ነው።

አጫጫኑ

መጀመሪያ መብራቱ። ከርነል እየተጫነ መብራት ከሄደ ሥራው መሐል ላይ ይቀራል፤ ዩፒኤስ ከሌለ ላፕቶፕን በሙሉ ባትሪ፣ ዴስክቶፕን መብራት በማይመላለስበት ሰዓት። ሄዶባችሁ ከሆነም ሱዶ ዲፒኬጂ፣ ሁለት ሰረዝ ኮንፊገር፣ ሰረዝ ኤ ይጨርሰዋል።

ቡት የሚባለው የዲስክ ክፍል ለብቻው የተከፈለ ከሆነ ዲኤፍ ሰረዝ ኤች ስላሽ ቡት ብላችሁ ቦታውን እዩ፤ ሞልቶ ከሆነ ሱዶ አፕት አውቶሪሙቭ የድሮዎቹን ያወጣል። ከዚያ አፕት አፕዴት፣ አፕት አፕግሬድ። አፕት-ጌት አፕግሬድ የምትሉ የድሮ ሰዎች ልብ በሉ፤ እሱ አዲስ ፓኬጅ ስለማይጨምር ከርነሉን «ኬፕት ባክ» ብሎ ያልፈዋል፣ እናንተ ደግሞ አፕዴት አደረግሁ ብላችሁ ትሄዳላችሁ።

ዳታው ለሚያሳስበው፦ የከርነል አፕዴት ከነሞጁሉና ሄደርሱ ከመቶ ሜጋባይት ያልፋል፣ ለአሥር ማሽን አሥር ጊዜ ማውረድ ጥቅሉን ይጨርሰዋል። አንዱ ማሽን ላይ አፕት-ካቸር-ኤንጂ ጫኑ። የሌሎቹን አፕት በዚያ ማሽን አድራሻ ወደብ 3142 ላይ እንዲያልፍ ፕሮክሲ ስጧቸው። የመጀመሪያው ያወርዳል፣ ዘጠኙ ከሱ ይቀበላሉ።

ከጫናችሁ በኋላ ሪስታርት። ይህን የሚዘለው ብዙ ነው፤ ሳይነሣ አዲሱ ከርነል ዲስክ ላይ ተኝቷል እንጂ እየሠራ አይደለም። ዩኔም ሰረዝ አር አዲሱን ቁጥር ካሳየ አልቋል።

ኔትወርኩ ካልመጣ የቀድሞው ከርነል አልጠፋም። ማሽኑ ሲነሣ አሮጌ ባዮስ ከሆነ ሺፍትን፣ ዩኢኤፍአይ ከሆነ ኢስኬፕን ተጫኑ፤ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ የበፊቱን ምረጡ፣ ሥራችሁን ቀጥሉ። አሮጌው ላይ ሠርቶ አዲሱ ላይ እንቢ ካለ ያ ራሱ ትልቅ መረጃ ነው። ከአዲሱ ቡት ያስቀመጣችሁትን መዝገብ፣ የኤልኤስ-ፒሲአይን ውጤትና ሁለቱንም የከርነል ቁጥሮች ይዛችሁ ኡቡንቱ-ባግ ሊኑክስ በሚለው ትእዛዝ ሪፖርት አድርጉ። ቀጣዩ ከርነል ሲመጣ እንደገና ሞክሩ፤ እስከዚያ ድረስ አውቶሪሙቭ አትበሉ፣ የሚሠራውን ከርነል ይዞባችሁ እንዳይሄድ።